የጋራ ፎልደር በንግድ ቤት፤ ለማን ምን ይከፈታል?

ንግድ በመዝገብ ይጸናል፤ መዝገብም በአያያዙ ይጠበቃል። በመቐለ ከተማ በሓወልቲ የሚነግድ አንድ አስመጪ ለምሳሌ ይወሰድ። የግዢ ሠራተኛው የባንክ ሰነድ ያዘጋጃል፤ የሂሳብ ሹሙ ደመወዝ ይመዘግባል፤ ሻጩ የዋጋ ዝርዝር ይመለከታል። ሦስቱም ሰነዳቸውን በአንድ ሰርቨር ማኖራቸው መልካም ነው። ነገር ግን በሩ ሁሉ ለሁሉም ክፍት ከሆነ የመግዣው ዋጋ ከደንበኛ ጆሮ ሊደርስ፥ የሂሳብ መዝገቡም ባለማወቅ ሊሰረዝ ይችላል።

በ1969 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተጀመረው ዩኒክስና ሥርዓቱን የተከተለው ሊኑክስ የፎልደር ተጠቃሚዎችን በሦስት ይከፍላሉ፤ እነርሱም ባለቤቱ፥ ቡድኑና ሌሎች ናቸው። ፈቃዱ በቁጥር ይሰጣል። 4 ማንበብ፥ 2 መጻፍ፥ 1 ወደ ውስጥ መግባት ነው። እንግዲህ 7 ሙሉ ፈቃድ፥ 5 አንብቦ መመለስ፥ 0 ዝግ በር ማለት ነው።

ዋናው ደንብ ፈቃድን ለሰው በስሙ ሳይሆን ለሥራው ክፍል መስጠት ነው። ለግዢ፥ ለሂሳብና ለሽያጭ ለየብቻ ቡድን ይቋቋማል፤ ሠራተኛውም በገዛ ስሙ ተመዝግቦ ከቡድኑ ይገባል። የሂሳብ ፎልደር 2770 ይደረግለታል። የመጀመሪያው 2 አዲስ የተጻፈ ሰነድ የፎልደሩን ቡድን እንዲወርስ ያደርጋል። የግዢ ክፍል ለሚጽፈውና ሁሉም ለሚያነበው የዋጋ ዝርዝር ግን 2775 ይበቃል።

ፎልደሩን ለዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች የሚያሳየው ሳምባ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ነው። ሳምባም የራሱ ቁልፍ አለው፤ «ቫሊድ ዩዘርስ» በሚለው መስመር የሚገቡት ቡድኖች ይጻፋሉ፤ የይለፍ ቃልም ለብቻው ይመዘገባል። «ክሬት ማስክ» የሚለው መስመር ለሂሳብ 0660፥ ለዋጋ ዝርዝር 0664 ካልተባለ፥ አንዱ የጻፈውን ባልደረባው ሊያርመው አይችልም። ከሁለቱ ቁልፎች የጠበቀው ይገዛል፤ ሳምባ የፈቀደለትን ሰው ዩኒክስ ከከለከለው አይገባም።

ይህ አሠራር በቤቱ ውስጥ በተዘረጋ መስመር ስለሚከናወን ኢንተርኔት አይጠይቅም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ የመገናኛ አገልግሎት መቋረጡን የሚያስታውስ ነጋዴ የዚህን ጥቅም አይስተውም።

በመጨረሻም ሠራተኛ ሲሰናበት መለያው በዚያው ቀን ይዘጋ። ፈቃድ ከስህተትና ከዓይን ይጠብቃል እንጂ ከእሳትና ከብልሽት አያድንም፤ ስለዚህ የመዝገቡ ቅጂ ዘወትር በሌላ ስፍራ ይቀመጥ።