የግዕዝ ፊደል በቬክተር ግራፍ ላይ፦ መግለጫው እንዴት ይጻፋል?

የዝናብን መጠን፣ የምርትን ብዛት ወይም የተማሪዎችን ቁጥር የሚያሳይ ግራፍ የመስመርና የዓምድ ስብስብ ብቻ አይደለም። በቁመቱ የተጻፈው ቁጥር በሚሊ ሜትር የተለካ መሆኑ፣ በአግድሙ የተደረደሩት ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያሉት ወራት መሆናቸው፣ ሰማያዊው መስመር የጉድጓድን፣ ቀዩ ደግሞ የወንዝን ውሃ የሚያመለክት መሆኑ በጽሑፍ ካልተገለጸ፣ እጅግ ተጠንቅቆ የተሰበሰበው መረጃ እንኳ ለአንባቢው ትርጉም የሌለው ጭረት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ መግለጫ ጽሑፍ፣ ማለትም የግራፉ ርእስ፣ የቁመትና የአግድም መስመሮቹ ስያሜ እንዲሁም የምልክቶቹ ማብራሪያ፣ የግራፉ ዋና አካል እንጂ ጌጡ አይደለም። ይህ አካል በኮምፒዩተር ፋይል ውስጥ የሚቀመጥባቸው መንገዶች የተለያዩ ሲሆኑ፣ የመንገዱ ምርጫ በላቲን ፊደል ከሚጻፉት ይልቅ በግዕዝ ፊደል በሚጻፉ ቋንቋዎች ላይ የከበደ ውጤት ያስከትላል።

የዳንግላ ልኬት

ጉዳዩ ከሕይወት የራቀ የባለሙያዎች ወግ አለመሆኑን በአማራ ክልል በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የተካሄደ አንድ ሥራ ያሳያል። በዳንግላ ወረዳ በዳንገሽታ ቀበሌ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአካባቢው ነዋሪዎች የዝናብን መጠን፣ የወንዝንና የጉድጓድ ውሃን ከፍታ በየጊዜው እየለኩ ሲመዘግቡ ቆይተዋል። ሥራው ከእንግሊዙ የኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር የተከናወነ ሲሆን፣ በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት የነዋሪዎቹ ልኬት ከሌሎች የመረጃ ምንጮች ጋር ተመሳክሮ ጥራቱ የሚያስተማምን ሆኖ ተገኝቷል። መለኪያ ጣቢያ በተራራቀበት አገር የገበሬው ዓይንና እጅ የሳይንስን ክፍተት ሊሞሉ እንደሚችሉ ሥራው አረጋግጧል።

እንዲህ ያለው ቁጥር ግራፍ ሆኖ ሲወጣ ግን በማን ፊደል መጻፍ እንዳለበት መጠየቅ ይገባል። የጉድጓዱን ውሃ የለካው ሰው የሚያነበው በግዕዝ ፊደል ነው፤ በዞኑ ከአማርኛ ጎን በትምህርት ቤት የሚሰጠው አዊኛም የሚጻፈው በዚሁ ፊደል ነው። በዳንግላ የሚገኝ የግብርና ባለሙያም ሆነ በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ ለነዋሪው የሚያቀርበውን ግራፍ በእንግሊዝኛ የሚተወው አብዛኛውን ጊዜ ፊደሉን ንቆ ሳይሆን፣ ሶፍትዌሩ ፊደሉን ሳጥን ወይም ነጥብ አድርጎ ስለሚያወጣበት ነው። ይህ ችግር መፍትሔ ያለው በመሆኑ ምንጩን መረዳት ተገቢ ነው።

ቬክተር ማለት

በኮምፒዩተር ሥዕል የሚቀመጠው በሁለት ዓይነት መንገድ ነው። የመጀመሪያው ሥዕሉን ፒክሰል በተባሉ ጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች ከፍሎ ማስቀመጥ ሲሆን፣ የፎቶግራፍ ፋይሎች የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው፤ ሥዕሉ ሲጎላ ነጥቦቹ አብረው ስለሚጎሉ የፊደሉ ጠርዝ ይሰባበራል። ሁለተኛው ቬክተር የተባለው ሲሆን፣ በነጥቦች ፋንታ «ከዚህ እስከዚያ መስመር ስጥ፣ በዚህ ቦታ ይህን ቃል ጻፍ» የሚሉ ትእዛዞችን ያስቀምጣል፤ ትእዛዙ በሚፈለገው መጠን እንደገና ስለሚፈጸም፣ በመጽሔት ገጽ ላይ የወጣው ትንሽ ግራፍ በአዳራሽ ግድግዳ ላይ በሚሰቀል ትልቅ ወረቀት ላይም ጥራቱ ሳይጓደል ይታተማል። ከቬክተር ፋይሎች በብዛት የሚታወቁት አዶቤ የተባለው ኩባንያ በ1993 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፒዲኤፍ እና የዓለም አቀፉ የድር ማኅበር በ2001 እ.ኤ.አ. ደረጃ ያወጣለት ኤስቪጂ ናቸው።

ሦስቱ መንገዶች

ግራፍ መሳያ ሶፍትዌር በቬክተር ፋይል ላይ ቃል ለመጻፍ ከሦስት መንገዶች አንዱን ይከተላል። በመጀመሪያው መንገድ ቃሉ ጽሑፍ እንደሆነ ይቀመጣል፤ ፋይሉ የያዘው የፊደላቱን መለያ ቁጥር፣ የሚጻፉበትን ቦታ፣ መጠናቸውንና የፎንቱን፣ ማለትም የፊደላቱን ቅርጽ የያዘውን ፋይል፣ ስም ብቻ ነው። ይህ ለዘፋኝ ግጥሙን ሰጥቶ ዜማውን ለእርሱ እንደ መተው ነው፤ ቃሉ አይለወጥም፣ አዘፋፈኑ ግን በተቀባዩ ይወሰናል። ፋይሉን የሚከፍተው ኮምፒዩተር የተጠራው ፎንት ከሌለው ሌላ ፎንት ይተካል፤ የግዕዝ ፊደል የያዘ ፎንት ጨርሶ ከሌለው ደግሞ ባዶ ሳጥን ያሳያል። በአንጻሩ ቃሉ ሕያው ጽሑፍ በመሆኑ ሊፈለግ፣ ሊቀዳ፣ ሊታረምና ወደ ሌላ ቋንቋ ሊተረጎም ይችላል።

በሁለተኛው መንገድ ቃሉ ጽሑፍ እንደሆነ ይቀመጥና ከፎንቱ ውስጥ ለግራፉ ያገለገሉት ፊደላት ቅርጽ ተመርጦ በፋይሉ ውስጥ ይካተታል። በፒዲኤፍ የተለመደው ይህ ነው፤ ፋይሉ ፊደሉን ይዞ ስለሚጓዝ በየትኛውም ኮምፒዩተር አንድ ዓይነት መልክ ይኖረዋል፤ የፊደሉን ቅርጽ ከመለያ ቁጥሩ ጋር የሚያገናኝ ሠንጠረዥ አብሮ ከገባም በቃል መፈለግ ይቻላል።

በሦስተኛው መንገድ የፊደሉ ጠርዝ ወደ መስመርና ቅስት ይለወጣል። «ዝናብ» የሚለው ቃል ከዚያ በኋላ ቃል መሆኑ ይቀርና ሦስት ቅርጾች ብቻ ይሆናል። መልኩ የትም አይበላሽም፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ በውስጡ ጽሑፍ መኖሩን አያውቅም፣ የፊደል ግድፈትን ማረም አስቸጋሪ ይሆናል፣ ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ የሚጠቀም ማየት የተሳነው አንባቢም ከዚያ ግራፍ የሚሰማው አንዳች ቃል አይኖርም።

ብዙ ተጠቃሚዎች የማያስተውሉት ነገር ሶፍትዌሩ ሳይጠየቅ ከእነዚህ መንገዶች አንዱን የሚመርጥ መሆኑን ነው። በፓይተን ቋንቋ ግራፍ ለመሳል የሚያገለግለው ማትፕሎትሊብ ወደ ኤስቪጂ ሲያወጣ ካልታዘዘ በቀር ፊደሉን ወደ ቅርጽ ይለውጣል፤ ጽሑፉ ጽሑፍ ሆኖ እንዲቀር ከተፈለገ በማስተካከያው ላይ የፎንቱን አያያዝ መቀየር ያስፈልጋል። አር በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌርም አብሮት የሚመጣው የኤስቪጂ ማውጫ ፊደሉን ቅርጽ ሲያደርግ፣ ኤስቪጂላይት የተባለው ተጨማሪ ጥቅል ግን ጽሑፉን ሳይለውጥ ይጽፋል።

የ256 ወሰን ቅርስ

የግዕዝ ፊደል በዚህ ሥራ ውስጥ የሚገጥመው ችግር ታሪካዊ ምክንያት አለው። የቀድሞ የፎንት አሠራር አንድን ፊደል በአንድ ባይት ስለሚወክል ከ256 የሚበልጡ ምልክቶችን በአንድ ጊዜ ማስተናገድ አይችልም ነበር። ለላቲን ፊደል ይህ ሰፊ ቦታ ሲሆን፣ ሠላሳ ሦስቱ የአማርኛ ፊደላት በሰባት ድምፅ ብቻ 231 ምልክት ስለሚሆኑ፣ ዲቃላ ፊደላት፣ ሥርዓተ ነጥቦችና ቁጥሮች ሲጨመሩ ቦታው አይበቃም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የወጡ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች በዚህ ወሰን ውስጥ ለመሥራት የላቲን ፊደላትን መለያ ቁጥር ለግዕዝ ቅርጾች ስለተጠቀሙበት፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ የተከፈተ የአማርኛ ሰነድ የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታይ ነበር። በሴፕቴምበር 1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ፣ ማለትም ለፊደላት መለያ ቁጥር የሚሰጠው የጋራ ደረጃ፣ እትም ለእያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል የራሱን መለያ ቁጥር በመስጠት ይህን ችግር ከሥሩ ነቀለው።

ሆኖም የአሮጌው አሠራር ርዝራዥ በግራፍ መሳያዎች ውስጥ ዛሬም ይገኛል። የአር ነባር የፒዲኤፍ ማውጫ በአንድ ባይት አሠራር ላይ የቆመ በመሆኑ የአማርኛን ፊደላት ለመለወጥ እንዳልቻለ አስጠንቅቆ በምትካቸው ነጥብ ያትማል፤ መፍትሔው ካይሮ በተባለው የሥዕል መሣሪያ ላይ የተመሠረተውን ሌላውን የፒዲኤፍ ማውጫ መጠቀም ነው። በማትፕሎትሊብ በኩል ችግሩ ሌላ ነው፤ ሶፍትዌሩ ዩኒኮድን ቢረዳም አብሮት የሚመጣው ደጃቩ ሳንስ የተባለው ፎንት የግዕዝ ፊደላትን አልያዘም፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊደል ባዶ ሳጥን ይስላል። በ2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው 3.6ኛው እትም ጀምሮ ግን ፎንቶችን በተራ መዘርዘር ስለተቻለ፣ በመጀመሪያው ፎንት ያልተገኘውን ፊደል ሶፍትዌሩ ከቀጣዩ ፈልጎ ያወጣል።

በሌላ በኩል የግዕዝ ፊደል ለዚህ ሥራ የተመቸ ባሕርይ አለው። የዐረብኛ ፊደላት በቃሉ ውስጥ እንዳሉበት ቦታ ቅርጻቸው ስለሚለዋወጥ የሚያገጣጥማቸው ተጨማሪ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ በግዕዝ ግን ተነባቢውና አናባቢው በአንድ መለያ ቁጥር ስለተወከሉ ተስማሚ ፎንት ከተገኘ ቃሉ በትክክል ይጻፋል።

የቃሉ ስፋትና የወራቱ ቦታ

ፎንቱ ከተገኘ በኋላም የሚቀር ጉዳይ አለ። ሶፍትዌሩ መግለጫውን በተገቢው ቦታ ለማሳረፍ የቃሉን ስፋት አስቀድሞ ይለካል፤ የሚለካው ግን በሠሪው ኮምፒዩተር ባለው ፎንት ነው። የአንባቢው ኮምፒዩተር ሌላ ፎንት ከተካ የቃሉ ስፋት ስለሚለወጥ የወራቱ ስሞች ይነባበራሉ፣ ወይም ርእሱ ከገጹ ይወጣል። ለምሳሌ ኒያላ የተባለው ፎንት በቀደሙት የዊንዶውስ እትሞች ውስጥ አብሮ ይመጣ ስለነበር ብዙ ሰነድ ተጽፎበታል፤ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ግን ተጠቃሚው ፈልጎ የሚጭነው ተጨማሪ ስለሆነ፣ በኒያላ የተለካ ሕያው ጽሑፍ ኤብሪማ በተባለ ሌላ ፎንት ተተክቶ ሊታይ ይችላል። ኤስቪጂላይት ይህን ለመከላከል የተለካውን ስፋት በፋይሉ ውስጥ ጽፎ፣ የተተካው ፎንት በዚያ ወሰን እንዲጠበብ ወይም እንዲሰፋ ያደርጋል።

የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ሶፍትዌሮቹ ቀንን የሚቆጥሩት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በመሆኑ፣ «ሴፕቴምበር» የሚለውን ስም ብቻ ፍቆ «መስከረም» ብሎ መጻፍ መረጃውን በአሥር ቀን ያህል ያዛባል። ትክክለኛው አሠራር የወሩን ምልክት መስከረም 1 በሚውልበት በሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ላይ ማኖርና የቀሩትን በ30 ቀን ልዩነት ማስከተል ነው። አምስት ወይም ስድስት ቀን ብቻ ያላት ጳጉሜን በግራፉ ላይ የምታገኘው ቦታ ከስሟ ስለሚጠብብ፣ ስሟን አጋድሞ ወይም በአጭሩ መጻፍ ከነሐሴና ከመስከረም ጋር እንዳትነባበር ያደርጋል። ለዳንግላ ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የክረምቱ ዝናብ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚወጣ የሚያሰላው በእነዚህ ወራት ነውና።

አንድ ግራፍ፣ ሁለት ቋንቋ

በአዊ ዞን የሕያው ጽሑፍ ጥቅም ይበልጥ ይጎላል። ግራፉ በኤስቪጂ ሆኖ መግለጫው ጽሑፍ እንደሆነ ከቆየ፣ ኢንክስኬፕ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ወይም በተራ የጽሑፍ ማረሚያ የአማርኛውን ቃል በአዊኛ ቃል መተካት ይቻላል፤ የመረጃው መስመር አይነካም፣ ግራፉም እንደገና መሳል አያስፈልገውም። ነገር ግን የተመረጠው ፎንት ከአማርኛ ፊደላት በላይ መያዝ አለበት። ዩኒኮድ አዊኛ ለሚመደብባቸው የአገው ቋንቋዎች የሚያገለግሉ እንደ «ጘ» ያሉ ፊደላትን በመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊደል ክፍል፣ እንደ «ⶓ» ያሉትን ደግሞ በ2005 እ.ኤ.አ. በተጨመረው ክፍል ውስጥ አስቀምጧል፤ አማርኛን ብቻ አስቦ የተሠራ ፎንት እነዚህን ላይይዝ ይችላል። አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ግን የተጨመሩትንም ክፍሎች የያዙ ሲሆኑ፣ ፈቃዳቸው ማንም በነፃ እንዲጠቀምባቸው፣ እንዲያሠራጫቸውና በሰነድ ውስጥ እንዲያካትታቸው ያስችላል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው የአሠራር ሥርዓት ግልጽ ነው። የግራፉ ዋና ቅጂ መግለጫው ሕያው ጽሑፍ በሆነበት ኤስቪጂ ከፎንቱ ፋይል ጋር ይቀመጥ፤ ለአንባቢ የሚሠራጨው ቅጂ ፎንቱን ያካተተ ፒዲኤፍ ይሁን፤ ፊደሉን ወደ ቅርጽ መለወጥ ማተሚያ ቤት ሲጠይቅ ብቻ፣ ያውም ዋናው ቅጂ ሳይጠፋ ይደረግ። ፋይሉ ከመላኩ በፊት ፎንቱ ባልተጫነበት ሌላ ኮምፒዩተር ላይ ተከፍቶ ይታይ፤ በግራፉ ላይ ካሉት ቃላት አንዱም በፒዲኤፉ ውስጥ ተፈልጎ መገኘቱ ይረጋገጥ። ይህ ጥቂት ደቂቃ የሚወስድ ሥራ ነው። ቸል ከተባለ ግን የጉድጓዱን ውሃ የለካው ገበሬ የራሱን ልኬት ለማንበብ አስተርጓሚ ይሻል፤ ከተፈጸመ ደግሞ መረጃውን የሰጠው ሕዝብ የመረጃው አንባቢም ተጠቃሚም ይሆናል።