መናፍስት የሚጠብቁት ደን

በዓለም ላይ መንፈስ ያድርበታል ተብሎ የሚፈራ ሥፍራ የሌለው አገር አይገኝም። በስፔን የምትገኘው ጥንታዊቱ የቶሌዶ ከተማ እስከ ዛሬ የምትተርከው አንድ ተረት አላት። በከተማይቱ ሄርኩለስ የሠራው የሚባል ምሥጢራዊ ቤት ነበር፤ የሚነግሠው ንጉሥ ሁሉ በደጃፉ ላይ አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ያደርግበታል እንጂ ከፍቶ አይገባበትም ነበር ይባላል። በመጨረሻ ሮድሪጎ የተባለው ንጉሥ ምክር አልሰማ ብሎ ቁልፎቹን ሰብሮ ገባ። በውስጡ ባገኘው ጨርቅ ላይ የዓረብ ፈረሰኞች ተሥለው አየ፤ ብዙም ሳይቆይ እ.ኤ.አ. በ711 ዓ.ም. በእነዚሁ ፈረሰኞች ድል ተነሥቶ መንግሥቱን አጣ ሲሉ ይተርካሉ።

ይህን ተረት ያነሣነው በእኛም አገር ገብቶ መድፈር መዓት ያመጣል የተባለ ሥፍራ ስላለ ነው። ልዩነቱ የእኛው ግድግዳም ቁልፍም የሌለው መሆኑ ነው። ከሚዛን ተፈሪ ተነሥቶ በቴፒ በኩል ወደ ማሻ የሚጓዝ መንገደኛ ቡናውን፣ ኮረሪማውንና እንሰቱን እያየ ከሄደ በኋላ ሰማይ ከማያሳይ ጥቅጥቅ ያለ ደን ይደርሳል። ጉም የዛፎቹን ጫፍ ሸፍኖት ይውላል። ጎህ ሳይቀድ ጉሬዛ በዛፍ ላይ ሆኖ ሲያጓራ ለሰማው እንግዳ፣ የሰው ጆሮ የለመደው የአውሬ ድምፅ አይመስልም። እንዲህ ባለው አገር ስለ መናፍስት ባይወራ ነበር የሚገርመው።

በሸካ ሰዎች ዘንድ ደኑ ሁሉ አንድ አይደለም። እንጨት የሚቆረጥበት፣ ቀፎ የሚሰቀልበት ደን አለ፤ ከዚህ የተለየና የተከበረ ደግሞ አለ። እንዲህ ያሉት ሥፍራዎች ደዶና ጉዶ በሚሉ ስሞች ይታወቃሉ። ጥቂት ዛፎች የከበቡት ምንጭ፣ ፏፏቴ፣ ረግረግ ወይም አንድ ትልቅ ዛፍ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሥፍራ ምሳር አይነሣም። በየጊዜው ጸሎትና መሥዋዕት የሚያቀርቡት ጌፒታቶ የሚባሉት የጎሣ መሪዎች ናቸው። ክልከላውን የደፈረ ሰው በሽታ ያገኘዋል፣ ከብቱ ያልቃል፣ አዝመራው ይከዳዋል፣ መዓቱም ለቤተሰቡ ይተርፋል ተብሎ ይታመናል።

በጎረቤት የከፋ አገርም ነገሩ ይመሳሰላል። በዚያ የምድሩ መንፈስ «ሾዌ ቆሎ» ይባላል። ቃሉ በአማርኛ «አገሩ ቆሌ አለው» ስንል ከምንጠራው ቆሌ ጋር መቀራረቡን አንባቢ ልብ ይለዋል። ለዚሁ መንፈስ መሥዋዕት የሚቀርብበት ሥርዓት «ደጆ» ይሰኛል። «ኤቆ» የሚሉት መንፈስ ደግሞ «አላሞ» በሚባለው ሰው ላይ ያድራል፤ የታመመና የተጣላ ሁሉ መልስ ፍለጋ ወደ አላሞው ቤት ይሄድ ነበር።

እኛ መንፈስ አለ ወይስ የለም ብለን ለመፍረድ አልተነሣንም። ፍርሃት ሁሉ መልካም ነው ማለታችንም አይደለም፤ በሽታውን የመንፈስ ቁጣ ነው ብሎ ከሐኪም ዘንድ ሳይደርስ የቀረ ሰው በየአገሩ ሞልቷል። ነገር ግን አንድ ነገር ልንክደው አንችልም። ደን ጠባቂ ሳይቀጠር፣ ሕግ በጋዜጣ ሳይወጣ፣ ምንጩ ሳይደርቅና ዛፉ ሳይወድቅ ከትውልድ ትውልድ የቆየው በዚህ ፍርሃት ነው። በእነዚሁ ደኖች ጥላ ሥር ማንም ያልተከለው ቡና በራሱ ጊዜ ይበቅላል። በሽታ የሚቋቋም የቡና ዘር የሚፈልግ ሊቅ ነገ የሚመጣው ወደዚህ ደን ነው።

ዛሬ ታዲያ ፍርሃቱ እየሳሳ ሄዷል። ክርስትናው በየመንደሩ ሲስፋፋና ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ፣ አባቶች ባርኔጣቸውን አውልቀው የሚያልፉበትን ዛፍ ወጣቱ እንደ ማንኛውም እንጨት ያየው ጀመር። በ1977 ዓ.ም. ከደረሰው ድርቅ ወዲህ ከሌላ አገር መጥቶ በደቡብ ምዕራብ የሠፈረው ገበሬም የትኛው ዛፍ የተከበረ፣ የትኛው ምንጭ የተፈራ መሆኑን የነገረው የለም። የራበው ሰው መሬት ፈልጎ ቢመነጥር ምን ይፈረድበታል? ከዚህም ላይ ሰፋፊ የሻይና የቡና እርሻዎች ተጨመሩ። ለትራክተር ደዶ የሚባል ነገር አይገባውም።

በእርግጥ የዓለም ዓይን ወደዚህ ደን መዞሩ አልቀረም። ዩኔስኮ የከፋን ደን በ2002 ዓ.ም.፣ 238 ሺህ ሄክታር የሚበልጠውን የሸካን ደን በ2004 ዓ.ም.፣ በቴፒ አጎራባች ያለውን የመዠንገርን ደን በ2009 ዓ.ም. በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ አስገብቷቸዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም በወረቀት ላይ ያለ ድንበር ሌሊት ምሳር ይዞ የሚመጣውን ሰው አያስፈራም። ጌፒታቶው ግን የት ድረስ መግባት እንደሚቻል ያለ ካርታ ያውቃል።

እንግዲህ ወጣቱን «መንፈሱን ፍራ» ብለን ልናስገድደው አንችልም፤ ያልፈራውን ነገር ፈርቶ ይመለሳል ማለት ሞኝነት ነው። የምንችለው፣ አባቶች በፍርሃት የጠበቁትን ልጆች በዕውቀት እንዲጠብቁት ማስተማር ነው። ለዚህም ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ የየደዶውን ስም፣ ሥፍራና ታሪክ ከአፋቸው ሰምቶ መጻፍ፣ ደኑ ሲከለልም እነርሱን ከዳር አቁሞ ሳይሆን ከመካከል አስቀምጦ መምከር ይገባል።

የቶሌዶው ንጉሥ ቁልፉን ከሰበረ በኋላ ቤቱን መልሶ ቢዘጋ አልጠቀመውም ይባላል። የሸካ ደን በር ግን ገና ጨርሶ አልተሰበረም።