የደገኛው ጂን ማብሪያ ማጥፊያ

በደቡብ ወሎ እንደ ደጎሎ ባለ ደጋ አየሩ ስስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በቲቤት ደገኞች የሂሞግሎቢንን መጠን የሚለዋውጡት የጂን ልዩነቶች በአማራና በኦሮሞ ደገኞች ላይ ያን አያደርጉም። ጂን ደግሞ ማብሪያ ማጥፊያም አለው፤ እኔ ዓይኔን የምጥለው እዚያ ላይ ነው። ዲኤንኤ ሂስቶን በሚባሉ ፕሮቲኖች ላይ ተጠምጥሟል። ኤች 3 በተባለው ሂስቶን 27ኛ ላይሲን ላይ አሴቲል ሲለጠፍ ጂኑ በአብዛኛው ይሠራል፤ ሦስት ሜቲል ሲለጠፍ ዝም ይላል። ጭማሪ ክብደታቸው 42.011 እና 42.047 ዳልተን ነው፤ እኩል ሊባል ምንም አልቀረው! ይህችን ልዩነት የሚለየው፣ በኢንዛይም የተቆራረጠውን ፕሮቲን በኤሌክትሪክ ሞልቶ የሚመዝነው ረቂቁ ማስ ስፔክትሮሜትር ነው። ሕዋሱ ቶሎ ካልቀዘቀዘ ግን የራሱ ኢንዛይሞች ምልክቱን ሊፍቁት ይችላሉ። ስለዚህ ከውዱ መሣሪያ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ከደጎሎ የተነሳ ናሙና ሳይሞቅ አዲስ አበባ መድረሱ ነው።