የማይታየው ገበያና ፈጣኑ ተላላኪ

አንድ ዕቃ በ317 ዶላር ሲሸጥ ቆይቶ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በ10 ሳንቲም ተሸጠ ቢባል፥ ውድ አንባቢ፥ ያምናሉን? ነገሩ ግን በእርግጥ የደረሰ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 21 ቀን 2017 ዓ.ም.፥ ኮይንቤዝ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያስተዳድረው በነበረው ጂዳክስ በተባለ ገበያ፥ ኤተር የሚሉት ክሪፕቶከረንሲ ከ317 ዶላር ከ81 ሳንቲም እስከ 10 ሳንቲም ድረስ ወርዶ እንደ ገና ተመልሶ ወጣ። ምክንያቱን ለማወቅ ኦርደር ቡክ የሚባለውን የትእዛዝ መዝገብ መግለጥ ያስፈልጋል።

ይህ መዝገብ ሁለት ዓምዶች አሉት። በአንደኛው «በዚህ ዋጋ ይህን ያህል እገዛለሁ» የሚሉ፥ በሁለተኛው ደግሞ «በዚህ ዋጋ ይህን ያህል እሸጣለሁ» የሚሉ ሰዎች ትእዛዝ በዋጋ ተራ ተደርድሯል። ለምሳሌ፥ ገዥዎች 10 ፍሬ በ100 ዶላር፥ 20 ፍሬ በ98፥ 30 ፍሬ በ95 እንገዛለን ብለዋል እንበል። እርስዎ 40 ፍሬ አለዎት። «ዋጋው 100 ዶላር ነው» የሚለውን ሰምተው 4000 ዶላር እቀበላለሁ ብለው ያስባሉ። ነገር ግን 10ሩ በ100፥ 20ው በ98፥ የቀረው 10 በ95 ስለሚሸጥ የሚደርስዎት 3910 ዶላር ብቻ ነው። እንግዲህ የአንዱ ፍሬ ዋጋ 97 ዶላር ከ75 ሳንቲም ሆነ ማለት ነው።

በ2017 የደረሰውም ይኸው ነበር፤ መጠኑ ግን እጅግ ሰፋ። አንድ ሻጭ ብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ኤተር «በተገኘው ዋጋ ይሸጥ» ሲል አዘዘ። ትእዛዙ በመዝገቡ የነበሩትን ገዥዎች ከላይ ወደ ታች እየጨረሰ ዋጋውን እስከ 224 ዶላር ከ48 ሳንቲም አወረደው። በዚህ ጊዜ «ዋጋው ከዚህ በታች ከወረደ ሽጥልኝ» ተብለው አስቀድመው የተቀመጡ 800 ያህል ትእዛዞች በራሳቸው ተነሡ፤ በብድር የተያዘውም ኤተር በግድ ይሸጥ ጀመር። ገዥ አልቆ ዋጋው 10 ሳንቲም ደረሰ። በኋላ ኩባንያው የተጎዱትን ደንበኞች ከራሱ ገንዘብ እንደሚክስ አስታወቀ።

ዛሬ ይህን መዝገብ ለማየት የሚጠቅም አዲስ ዘዴ ተገኝቷል፤ ይኸውም የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወኪል ነው። ሥራው በመሥሪያ ቤት ከምናውቀው ተላላኪ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። እርስዎ በተለመደው ቋንቋ «40 ኤተር ብሸጥ ስንት አገኛለሁ?» ብለው ይጠይቃሉ። አስተውሎቱ የተማረው ቀደም ብሎ ከተሰበሰበ ጽሑፍ ስለሆነ የዚህን ደቂቃ ዋጋ በራሱ አያውቅም። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ወደ ገበያው ኮምፒዩተር ይልካል፤ የመጣለትን መዝገብ አንብቦ ከላይ እንዳየነው ያሰላል። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ በኖቬምበር 2024 ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል የሚባል፥ አስተውሎቱንና መሣሪያዎቹን የሚያገናኝ የጋራ ደንብ ካወጣ ወዲህ እንዲህ ያለው መላላክ ቀላል ሆኗል።

ይሁን እንጂ ተላላኪ ሁልጊዜ ደኅና ወሬ አያመጣም። ስለዚህ ሦስት ነገር ይጠይቁ።

አንደኛ፥ «ከየትኛው ገበያ፥ በስንት ሰዓት አመጣኸው?» ይበሉት። መሣሪያው ሳይሳካለት ሲቀር አስተውሎቱ እውነት የሚመስል ቁጥር ከራሱ ፈጥሮ ሊነግርዎ ይችላልና፥ ገበያው የሰጠውን መልስ እንዳለ እንዲያሳይዎ ያድርጉ። ባይናንስ በተባለው ገበያ ለተራው ግዢና ሽያጭ የሚሰጠው የመዝገብ መልስ ተከታታይ ቁጥር እንጂ ሰዓት የለበትም፤ ሰዓቱን መመዝገብ የመሣሪያው ፈንታ ነው።

ሁለተኛ፥ «እስከ ስንት ደረጃ ድረስ አየህ?» ይበሉት። ባይናንስ ካልተነገረው ከየወገኑ 100 ደረጃ፥ ቢበዛ 5000 ደረጃ ይሰጣል። ከዚያ በታች ያለው አይታይም። የታየውም ቢሆን ቃል ብቻ ነው፤ «እገዛለሁ» ያለው ሰው ከመግዛቱ በፊት ትእዛዙን ሊሰርዝ ይችላል።

ሦስተኛ፥ «ቁልፍ ለምን አስፈለገህ?» ይበሉት። እንደ ባይናንስ ባሉ ገበያዎች ለሕዝብ ክፍት የሆነውን መዝገብ ለማንበብ የምስጢር ቁልፍም ሆነ የይለፍ ቃል አያስፈልግም። ለማንበብ ብቻ የተላከ መሣሪያ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ቁልፍ ከጠየቀዎ አይስጡት።

ይህን የምንጽፈው ይግዙ ወይም ይሽጡ ለማለት አይደለም፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክም በ2022 በክሪፕቶከረንሲ ክፍያ መፈጸም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ነገር ግን ስለዚህ ገበያ የሚያጠና ተማሪ ወይም ሪፖርት የሚያዘጋጅ ጸሐፊ አንድ ዋጋ ተነግሮት ዝም ብሎ እንዳይጽፍ ነው። በዚያ ዋጋ ስንት ፍሬ የሚገዛ ሰው እንዳለ ይጠይቅ። በ2017 በ317 ዶላር ሀብት አለን ብለው የነበሩት ሰዎች ሳይጠይቁ የቀሩት ይህንኑ ነበር።