ብርሃን ሲነካው የሚነቃ መድኃኒት



ከእናንተ መካከል አገር ቤት ያሉ አባት ወይም እናት በሳንባ ካንሰር የታመሙባችሁ አላችሁ። «ካንሰርን በብርሃን የሚያድን አዲስ መድኃኒት ወጥቷል ይባላል፤ እውነት ነው ወይ? ገንዘብ ልላክ ወይ?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰናል። የብዙ ወር ደመወዝ የሚነካ ጥያቄ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት አሰብን። መልሱን እናስቀድም፦ ወሬው ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ነገር ግን ከብረታ ብረት የሚሠራው አዲሱ ዓይነት ለሳንባ ካንሰር ገና በምርምር ላይ ያለ እንጂ ከፋርማሲ የሚገዛ አይደለም።

ብርሃን አንድን ንጥረ ነገር እንዴት ያነቃዋል? ኩሽና ውስጥ ብዙ ሎሚ የጨመቀች እህት እጇን ሳትታጠብ ልብስ ለማስጣት ጣሪያ ላይ ብትወጣ፣ በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ እሳት እንደነካው ውኃ የቋጠረ ቁስል ሊወጣባት ይችላል። ሎሚው ብቻውን አላቃጠላትም፤ ፀሐዩም ብቻውን አላቃጠላትም። በሎሚው ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር የፀሐይ ብርሃን ሲያገኝ ነቅቶ ቆዳዋን ጎዳ። (ስለዚህ ሎሚ ከጨመቃችሁ በኋላ ፀሐይ ላይ ሳትወጡ በሳሙና ታጠቡ።) ተመራማሪዎቹም የሚፈልጉት እንዲህ ያለ ነገር ነው፤ በጨለማ የሚተኛ፣ በብርሃን የሚነቃ።

ብረታ ብረት ወደ ካንሰር ሕክምና የገባው ደግሞ በአጋጣሚ ነው። እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባርኔት ሮዘንበርግ የተባሉ ተመራማሪ ኤሌክትሪክ በባክቴሪያ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ፈልገው ከፕላቲነም የተሠሩ ዘንጎች ባክቴሪያው በሚያድግበት ፈሳሽ ውስጥ ነከሩ። ባክቴሪያዎቹ መከፋፈላቸውን አቁመው እንደ ክር ረዘሙ። ምክንያቱ ሲመረመር ኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከዘንጎቹ ወደ ፈሳሹ የገባው ፕላቲነም ሆኖ ተገኘ። ይህ በ1965 ታትሞ ወጣ። ካንሰር ማለት መከፋፈል አላቆም ያለ ሕዋስ ነውና ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ መገመት አያዳግትም። ሲስፕላቲን የሚባለው መድኃኒት በ1978 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ዛሬም ለሳንባ ካንሰር ይታዘዛል። ችግሩ መርፌው ከደም ጋር መላ ሰውነትን መዞሩ ነው። ኩላሊትን ይጎዳል፣ ጆሮን ያደክማል፣ ማስታወኩም ከባድ ነው። ኬሞቴራፒ የወሰደ ሰው ያስታመመች ታውቀዋለች።

እንግዲህ ጥያቄው መድኃኒቱ ዕጢው ጋ ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል ወይ የሚል ነው። በ2017 የእንግሊዙ ዋሪክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከቻይና ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ኢሪዲየም ከሚባል ብርቅ ብረት የተሠራ ውህድ ሞከሩ። ኢሪዲየም በምድር ገጽ እጅግ ጥቂት ነው፤ ከሰማይ በሚወድቁ ድንጋዮች ግን ይበዛል። ውህዱን በቤተ ሙከራ ባደጉና እንደ ትንሽ ኳስ በተሰባሰቡ የሳንባ ካንሰር ሕዋሳት ውስጥ ጨምረው ቀይ የሌዘር ብርሃን አበሩበት። ብረቱ የብርሃኑን ኃይል ተቀብሎ በሕዋሱ ውስጥ ላለው ኦክስጅን ያስተላልፋል፤ ኦክስጅኑም ለአፍታ መርዝ ይሆንና ሕዋሱን ከውስጥ ያቃጥላል። ይህ መርዝ ዕድሜው ከሰከንድ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ሩቅ ሳይሄድ ይከስማል። በሙከራው ውህዱ እስከ ኳሱ መሐል ድረስ ገብቶ ካንሰሩን ገደለ፤ ጤነኛ ሕዋሳትን ግን አልጎዳም።

ደስ የሚል ውጤት ነው። ነገር ግን የሳህን ላይ ኳስ ሰው አይደለም።

አንዱ እንቅፋት ብርሃኑ ራሱ ነው። ማታ መብራት አጥፍታችሁ የስልካችሁን ባትሪ ከመዳፋችሁ ሥር ብታበሩ ጣቶቻችሁ ቀይ ሆነው ይታያሉ፤ ከሥጋ ውስጥ ሾልኮ የሚያልፈው ቀዩ ብርሃን ስለሆነ ነው። እሱም ቢሆን በደንብ የሚሠራው በጥቂት ሚሊሜትር ጥልቀት ነው። ሳንባ ደግሞ ከጎድን አጥንት ጀርባ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ብርሃኑን በቀጭን ቱቦ በአየር መተላለፊያው በኩል ማስገባት አለባቸው። ይህ አሠራር አዲስ አይደለም፤ ብረት በሌለው ፎቶፍሪን በሚባል መድኃኒት ገና ሳይስፋፋ የተገኘን የአየር ቧንቧ ካንሰር እንዲህ ማከም በአሜሪካ በ1998 ተፈቅዷል። መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ግን ቢያንስ ለ30 ቀን ከፀሐይ መሸሽ አለበት፤ ቆዳውም ጭምር ይነቃልና።

ከባዱ እንቅፋት ሌላ ነው። የሳንባ ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ወደ ጉበት፣ ወደ አጥንት ወይም ወደ አንጎል ከተዛመተ በኋላ ነው፤ ብርሃንን ደግሞ ሁሉም ቦታ ማድረስ አይቻልም። በብርሃን ከሚነቁት የብረት ውህዶች ቀድመው ሰው ጋ የደረሱትም ብርሃን በቀላሉ ለሚገባባቸው የሰውነት ክፍሎች የተሠሩት ናቸው። ሩቴኒየም ያለበት አንዱ ውህድ ለፊኛ ካንሰር ከ2017 ጀምሮ በካናዳ በሕሙማን ላይ ተሞክሯል። ፓላዲየም ያለበት ሌላው በዚያው ዓመት በአውሮፓ ለፕሮስቴት ካንሰር ፈቃድ አግኝቷል። እንደ እኛ አስተያየት ተስፋው እውነተኛ ነው፤ ዛሬ የታመመች እናት ግን ልትጠብቀው የሚገባ መድኃኒት አይደለም።

ስለዚህ ማንም «የብርሃን ሕክምና አለ፣ ይህን ያህል ላኪ» ቢላችሁ ሐዋላ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት የመድኃኒቱን ስም፣ የሆስፒታሉን ስምና የሚያክመውን ሐኪም ስም በጽሑፍ ጠይቁ፤ ያንንም ወረቀት ቤተሰብ በሽተኛውን ለሚከታተለው ሐኪም ያሳይ። ቤት ያሉትም ሐኪሙን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ካንሰሩ የትኛው ዓይነት ነው? እስከ የት ተዛምቷል? ቀዶ ሕክምና፣ ጨረር ወይስ መድኃኒት ይሻለዋል? ገና ሳይዛመት የተገኘ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ የሚድንበት ጊዜ አለ፤ ወዲያ ወዲህ ሲባል የሚባክነው ወር የሚጎዳውም ያንን ዕድል ነው።

ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ደም የቀላቀለ አክታ ወይም ያለ ምክንያት መክሳት ካለ ደግሞ፣ አገር ቤት ያለ ዘመድ ቢሆን እናንተም ብትሆኑ፣ ቶሎ መመርመር ያስፈልጋል። ሁሉም ሳል ካንሰር አይደለም፤ የሳንባ ነቀርሳም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ በመደበኛ መድኃኒት በወራት ውስጥ የሚድን ነው።