የውዱእ ውሃና ኢስራፍ

ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሙድ ማለት የመካከለኛ ሰው የሁለት እጅ እፍኝ ነው፤ አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም።

እኛስ? በደቂቃ 6 ሊትር የሚያወርድ ቧንቧ ለ3 ደቂቃ ከተከፈተ 18 ሊትር ይፈሳል። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሊሞላ ምን ቀረው? ያውም ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት አዲስ አበባ! ቧንቧውን ከፍቶ ካልሲውን የሚያወልቅ፣ ከጓደኛውም ጋር የሚያወጋ ሞልቷል። ወስዋስ ይዞት እግሩን አምስት ጊዜ የሚያጥብም አለ፤ ዑለማዎች ግን ከሦስት በላይ ማጠብን ጠልተውታል።

ልጆቻችንን ውዱእ ስናስተምር በጆግ እናስጀምራቸው። ከሥሩ ሳፋ ቢቀመጥ ደግሞ፣ ሳሙና ያልነካው ውሃ ለጓሮው ጎመን ይሆናል።