የቤዝ ጊበንስ ድምፅና የሐያስያን አድናቆት

መግቢያ

ቤዝ ጊበንስ የተባለችው እንግሊዛዊት ዘፋኝ ከ1994 ጀምሮ ከሙዚቃ ሐያስያን ከፍ ያለ አድናቆት ስታገኝ ኖራለች። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስለ እርሷ የተጻፈውን ስናነብ ግን አንድ ነገር አስተዋልን፤ ይኸውም አብዛኞቹ አድናቂዎቿ «ሐዘን» የሚለውን ቃል ደጋግመው ይጠቅሳሉ፤ ሐዘኑ በምን አኳኋን ከጆሯችን እንደሚደርስ የሚያስረዱት ግን ጥቂቶች ናቸው።

ሐዘን ብቻውን ሰውን ታላቅ ዘፋኝ የሚያደርገው ቢሆን ኖሮ ለቅሶ ቤት ሁሉ የሙዚቃ አዳራሽ በሆነ ነበር። በአገራችንም ጥሩ አልቃሽ የምትባለው ከሁሉ አብልጣ ያዘነችው አይደለችም፤ የሟቹን ታሪክና የቤተ ሰቡን ሐዘን በቃልና በዜማ አሰናድታ ለለቀስተኛው የምታቀርበው ናት። ስለዚህ የጊበንስን ዋና ዋና ሥራዎችና አብረዋት የሠሩትን ሰዎች በየተራ እያነሣን፥ የተሰጣት አድናቆት በምን ላይ እንደ ቆመ ለመመርመር እንሞክራለን። አሳባችንን አስቀድመን ለመናገር ያህል፥ የዚች ዘፋኝ ችሎታ ከሁሉ ይልቅ የሚገለጸው ድምፅዋ ከሌላ ሰው ሥራ አጠገብ ሲቆም ነው እንላለን።

የባንዱ አነሣሥ

ጊበንስ በ1965 በኤክሰተር ከተማ ተወለደች፤ ያደገችውም በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በዴቮን ገጠር በእርሻ ቤት ነው። በ1991 በብሪስቶል ከተማ፥ መንግሥት ሥራ ያጡ ሰዎች የራሳቸውን ሥራ እንዲጀምሩ ለመርዳት ባወጣው ዕቅድ መሠረት በሚሰጥ ትምህርት ላይ ከጄፍ ባሮው ጋር ተገናኘች። ባሮው ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ያልሞላው ወጣት ሲሆን በከተማው በሚገኝ የሙዚቃ መቅረጫ ስቱዲዮ በረዳትነት ያገለግል ነበር። ያደገባት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ፖርቲስሄድ ትባላለችና ባንዱም ስሙን ከእርሷ ወሰደ። ቀጥሎ የጃዝ ጊታር ተጫዋቹ ኤድሪያን አትሊ ተጨመረና ሦስቱ «ዳሚ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበማቸውን በ1994 አወጡ።

ሙዚቃቸው የሚሠራበት ዘዴ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ባሮው ከአሮጌ ሸክላ ላይ ጥቂት ሴኮንድ ብቻ የሚቆይ ድምፅ ቆርጦ ይወስድና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ እየደጋገመ ያጫውተዋል፤ ይህም ሳምፕል ይባላል። ለምሳሌ «ሳወር ታይምስ» የተባለው ዘፈን በአርጀንቲና ተወላጁ በላሎ ሺፍሪን ሙዚቃ ላይ፥ «ግሎሪ ቦክስ» የተባለውም በአሜሪካዊው በአይዛክ ሄይስ ሙዚቃ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ከዚህም በቀር ባሮውና አትሊ የገዛ ራሳቸውን ጨዋታ ቀርጸው በሸክላ ያሳትሙና፥ ያንኑ ሸክላ እንደ ሌላ ሰው አሮጌ ሥራ ቈጥረው መልሰው ይቆርጡት ነበር። የመርፌው ኮሽታ ሳይቀር በሙዚቃው ውስጥ ይሰማል። ከበሮው ዝግ ያለ፥ ባሱ የወፈረ፥ ጠቅላላው መንፈስ ጨለማ የለበሰ ነው። ጋዜጠኞች ይህንና በብሪስቶል የተነሣውን የመሰለ ሙዚቃ ሁሉ ትሪፕ ሆፕ ብለው ሰየሙት።

በዚህ ላይ የጊበንስ ድምፅ ይገባል። የዘፈኖቹን ግጥም በአብዛኛው የጻፈችው እርሷ ናት። ከማይክሮፎኑ አጠገብ ሆና በዝግታ ስለምትዘፍን ትንፋሿ ሳይቀር ይሰማል፤ አድማጩም አጠገቡ ተቀምጣ ለእርሱ ብቻ የምትናገር ይመስለዋል። ሙዚቃው ግን ከሩቅና ከድሮ ዘመን የመጣ ይመስላል። እንግዲህ «ሐዘን» የተባለው ነገር አንዱ ምንጩ ይህ የርቀት ልዩነት ነው፤ ቅርብ የሆነ የሰው ድምፅ ሩቅ በሆነ ሙዚቃ ውስጥ ብቻውን ሲቀር እንሰማለን። ይህን ያደረገው ጉሮሮዋ ብቻ አይደለም፤ የባሮውና የአትሊ እጅ አለበት። እነርሱም ብቻቸውን ቢሆኑ ኖሮ ያማረ የሸክላ ቁርጥራጭ ብቻ ይዘው በቀሩ ነበር።

በ1995 «ዳሚ» በብሪታንያና በአየርላንድ ለሚወጡ አልበሞች የሚሰጠውን የመርኩሪ ሽልማት አገኘ። በዚያ ዓመት ከተወዳደሩት መካከል ኦኤሲስ፥ ፒ ጄ ሃርቪና ራሱ የብሪስቶል ልጅ የሆነው ትሪኪ ይገኙ ስለ ነበረ ድሉ ቀላል አልነበረም። በ1997 በባንዱ ስም የተሰየመው ሁለተኛው አልበም ወጣ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በኒው ዮርክ ሮዝላንድ አዳራሽ ከኦርኬስትራ ጋር ያቀረቡት ጨዋታም ከተቀረጸ በኋላ በማግሥቱ ዓመት ታትሞ ወጣ።

ሦስተኛው አልበም «ሠርድ» የወጣው ከአሥራ አንድ ዓመት ዝምታ በኋላ፥ በ2008 ነው። በዚህ ጊዜ አሮጌውን ሸክላ ትተው ወደ ሻካራ የኤሌክትሮኒክ ድምፅ ዞሩ። «ማሽን ጋን» በተባለው ዘፈን የኤሌክትሮኒክ ከበሮው ስሙ እንደሚያመለክተው እንደ መትረየስ ይንጣጣል። ሌላ ዘፋኝ ቢሆን ከመትረየሱ በላይ ለመሰማት ይጮህ ነበር፤ ጊበንስ ግን ድምፅዋን አቅጥና በመካከሉ ታልፋለች፤ ቀጭን በመሆኑም ከበሮው ሊሸፍነው አይችልም። «ዘ ሪፕ» በተባለው ደግሞ በክራር ዓይነት አመታት በሚነካ ጊታር ትጀምርና፥ አንዱን ድምፅ በረጅሙ ይዛ ስትቈይ ጊታሩ ቦታውን ለሲንተሳይዘር ይለቃል። የሰው እስትንፋስ የት እንዳበቃና መሣሪያው የት እንደ ጀመረ ለመለየት ያስቸግራል። የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሰውን ስሜት ያጠፋል የሚሉ ሰዎች ይህን ዘፈን ቢሰሙ መልካም ነው።

ከባንዱ ውጭ የተሠሩ ሥራዎች

ጊበንስ ከባንዱ ውጭ ከሠራችባቸው ሰዎች የመጀመሪያው ፖል ዌብ ነው። ዌብ ቀድሞ ቶክ ቶክ በተባለው ባንድ ባስ ጊታር ይጫወት የነበረ ሲሆን በዚህ ሥራ ላይ ረስቲን ማን በሚል ስም ተጠራ። በ2002 ያወጡት «አውት ኦቭ ሲዝን» የተባለው አልበም ሳምፕሉን ትቶ በጊታር፥ በገመድ መሣሪያዎችና በለዘበ ከበሮ የተሠራ ነው። ሐያስያን በዚህ ጊዜ ድምፅዋን ከአሜሪካዊቷ ከቢሊ ሆሊዴይ ጋር አነጻጸሩት። ለእኛ የጠቀመን ግን ሌላ ነው፤ ሸክላውና ኮሽታው ተወግዶ ድምፅዋ ሳይወድቅ መቆሙ፥ የቀድሞው ሥራ የስቱዲዮ ብልሃት ብቻ እንዳልነበረ ያስረዳል።

ሁለተኛው ሥራ ከሁሉ የሚያስደንቀው ነው። የፖላንዱ የሙዚቃ ደራሲ ሄንሪክ ጎሬትስኪ በ1976 ሦስተኛ ሲምፎኒውን ደረሰ፤ ይህም የሐዘን መዝሙሮች ሲምፎኒ ይባላል። ሦስት ክፍሎች አሉት፤ አንደኛው የ15ኛው መቶ ዓመት የማርያም ልቅሶ፥ ሁለተኛው አንዲት የ18 ዓመት ልጃገረድ በ1944 በዛኮፓኔ ከተማ በጌስታፖ እስር ቤት ግድግዳ ላይ የጻፈችው ቃል፥ ሦስተኛውም ልጅዋ የሞተባት እናት የምታዜመው የሕዝብ እንጉርጉሮ ነው። አሜሪካዊቷ ዶን አፕሾ የዘፈነችበት የ1992 ቅጂ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስለ ተሸጠ ሥራው በዓለም ሁሉ የታወቀ ሆነ።

ጊበንስ ይህን ሲምፎኒ በኅዳር ወር 2014 በዋርሶ ከፖላንድ ብሔራዊ ራዲዮ ኦርኬስትራ ጋር ዘፈነች። ኦርኬስትራውን የመራው ታላቁ የሙዚቃ ደራሲ ክሽሽቶፍ ፔንዴሬትስኪ ነበር። ቅጂው የወጣው በ2019 ነው። ነገሩ ብዙ እንቅፋት ነበረበት፤ የዘፋኙ ክፍል የተጻፈው ለሶፕራኖ ማለት ከፍ ላለው የሴት ድምፅ ሲሆን የጊበንስ ድምፅ ከዚያ ዝቅ ያለ ነው፤ የኦፔራ ትምህርት የላትም፤ የፖላንድንም ቋንቋ ስለማታውቅ ግጥሙን ቃል በቃል ማጥናት ነበረባት። ቅጂውን ለሚሰማ ሰው ድካሙ አይሰወርም፤ ዜማው ከፍ በሚልበት ቦታ ድምፅዋ ይጨነቃል፥ ይሳሳልም። የኦፔራ ሰው ይህን እንደ ጉድለት ቢቈጥረው አንፈርድበትም። ዳሩ ግን በእስር ቤት ግድግዳ ላይ የጻፈችው ልጃገረድም የኦፔራ ዘፋኝ አልነበረችም። ሙሉና የተደላደለ ድምፅ ቃሏን ያስከብረዋል፤ የሚጨነቅ ድምፅ ደግሞ ዕድሜዋን ያስታውሰናል።

ሦስተኛው አሜሪካዊው ኬንድሪክ ላማር በ2022 ባወጣው አልበም ውስጥ የሚገኘው «መዘር አይ ሶበር» የተባለው ዘፈን ነው። ላማር በእናቱና በቤተ ሰቡ ላይ የደረሰውን ግፍ፥ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈውንም ቁስል በዝግታ ይናገራል። ጊበንስ የምትዘፍነው አዝማቹን ብቻ ነው። ቃሉ ጥቂት፥ ዜማውም አጭር ነው፤ እርሷም ምንም ጌጥ ሳትጨምር እየደጋገመች ታዜመዋለች። ታሪኩ የእርሱ ስለ ሆነ በእንግድነቷ ጸንታ ትቀራለች። ላማር የተናገረው ከከበደ በኋላ አዝማቹ ሲመለስ አድማጩ ትንፋሽ የሚወስድበት ቦታ ያገኛል።

በመጨረሻም በ2024 «ላይቭዝ አውትግሮን» የተባለውን በስሟ ብቻ የተጠራ የመጀመሪያ አልበሟን አወጣች። ዐሥር ዘፈኖች አሉበት፤ ለመጠናቀቅም ዐሥር ዓመት ያህል ፈጅቷል። ይሁን እንጂ ብቻዋን አልሠራችውም፤ ጄምስ ፎርድና የቶክ ቶክ ከበሮ መቺ የነበረው ሊ ሃሪስ አብረዋት ነበሩ። ለከበሮ ምት የወጥ ቤት ዕቃ ሳይቀር ተጠቅመዋል። አሳቡ ስለ እናትነት፥ ስለ ዕድሜ መግፋትና በሞት ስለ ተለዩአት ሰዎች ነው። ይህም አልበም በዚያው ዓመት ለመርኩሪ ሽልማት ከታጩት አንዱ ሆነ፤ ከመጀመሪያው ድል ሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ማለት ነው።

አድናቆቱ ሲመረመር

ለጊበንስ የተሰጠውን አድናቆት በሦስት ከፍለን ልናየው እንችላለን። አንደኛው ሐዘኗን የሚያደንቅ ነው። ሁለተኛው የድምፅዋን ጠባይ፥ ማለት ቅጥነቱን፥ ትንፋሹንና ቁጥብነቱን የሚያደንቅ ነው። ሦስተኛው ከሌሎች ጋር ስትሠራ የምታሳየውን ማስተዋል የሚያደንቅ ነው።

አንደኛው ዓይነት በብዛት ይገኛል፤ ነገር ግን አደጋ አለበት። ጊበንስ ለጋዜጠኞች ቃል የምትሰጠው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ሰው ዝም ሲል ሌላው ስለ እርሱ ታሪክ ይፈጥርለታልና፥ ብዙዎች ዘፈኑን እንደ ሕይወት ታሪኳ አድርገው አነበቡት። እንዲህ ያለው አድናቆት የሚያከብር ቢመስልም ሥራዋን ይነጥቃታል፤ ሠርታ ያመጣችውን ነገር ታማ ያመጣችው ያስመስላልና። የዋርሶው ሥራ ለዚህ በቂ መልስ ነው፤ የማታውቀውን ቋንቋ ቃል በቃል ማጥናት የልፋት ነገር ነው፥ ልፋት ደግሞ በሐዘን ብቻ አይመጣም።

ሁለተኛው ከአንደኛው ይሻላል፤ ሆኖም ድምፁ ሁልጊዜ አንድ እንደ ሆነ አድርጎ ይናገራል። ከላይ እንዳየነው ግን በ«ዳሚ» የቀረበው፥ በ«ማሽን ጋን» የቀጠነው፥ በዋርሶ የተጨነቀው፥ ከላማርም ጋር ጌጥ የጣለው ድምፅ አንድ ዓይነት አይደለም። በያንዳንዱ ቦታ አጠገቧ ያለውን ሥራ ሰምታ ምን እንደሚጐድለው ለይታለች።

ስለዚህ ሦስተኛውን ዓይነት አብልጠን እንቀበለዋለን። እኛም በሚስዮን ትምህርት ቤት ከመዘምራን ጋር በነበርንበት ጊዜ፥ መምህራችን ከሁሉ አስቀድመው ያስተምሩን የነበረው ከጎናችን የቆመውን ልጅ ድምፅ መስማትን ነበር። የጎረቤትህን ድምፅ ካልሰማህ እየጮህክ ነው ይሉን ነበር። ያን ጊዜ ይህ ድምፃችንን ለማፈን የተሰጠ ትእዛዝ ይመስለን ነበር፤ አንዳንዶቻችንም አኩርፈን ነበር። የጊበንስን ሥራዎች በተከታታይ ስንሰማ ግን መስማት ራሱ የመዝፈን ክፍል እንደ ሆነ ገባን።

መደምደሚያ

ከዚህ ጥናት ለራሳችን አንድ ነገር እንወስዳለን። አንድን ዘፋኝ ስናደንቅ «አንጀት ይበላል» ብለን የምንተወው ብዙ ጊዜ ነው። ቃሉ እውነት ነው፤ ግን አንጀቱን ምን እንደ በላው አይነግረንም። ማን አብሮ እንደ ተጫወተ፥ ዘፋኙ የት ዝም እንዳለ፥ የቱን ድምፅ እንዳሳነሰ፥ መሣሪያው መቼ ቦታ እንደ ለቀቀ ብንመዘግብ አድናቆታችን ለሚቀጥለው አድማጭ ይጠቅማል። ስለ ዘፋኞች ለመጻፍ የሚያስቡ ጓደኞቻችንም በዚህ አኳኋን ቢጀምሩ፥ ዘፋኙ የሠራውን ሥራ ለሠራው ሰው መልሰው ይሰጡታል እንላለን።